ለተመልካች ሲባል ዝቅ ማለት፦ የጥንት የጦር አውሮፕላኖችና የአየር ላይ ትርኢት አደጋ

(ለአቪዬሽን ተማሪዎችና ወዳጆች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላሳውቅ፤ ካላልኩ በስተቀር ዓመተ ምሕረቶቹን የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በቀጥታ ልግባ። ሴፕቴምበር 9 ቀን 1913 ኪየቭ አጠገብ፣ ሲሬትስ በሚባል የጦር አውሮፕላን ማረፊያ፣ ፒዮትር ኔስቴሮቭ የተባለ የሩሲያ መኮንን ኒዩፖር በምትባል አውሮፕላን ተነሣ። ወደ 1000 ሜትር ገደማ ወጣ። ሞተሩን ዘጋና አፍንጫዋን ወደ መሬት ደፋት። ፍጥነት ስታገኝ ሞተሩን መልሶ ከፈተና መሪውን ወደ ራሱ ሳበ። አውሮፕላኗ ቀና አለች፣ በጀርባዋ ተገለበጠች፣ ዞራ ወደ ነበረችበት ተመለሰች። በዓለም የመጀመሪያው ሉፕ ይህ ነው።

አለቆቹ ምን አደረጉ መሰላችሁ? የመንግሥትን ንብረት ለአደጋ አጋልጠሃል ብለው 10 ቀን እስር ፈረዱበት። ብዙም ሳይቆይ ፈረንሳዊው አዶልፍ ፔጉ ተመሳሳይ ነገር ሠርቶ ዓለም ሲያጨበጭብለት ግን ሐሳባቸውን ቀየሩ። ኔስቴሮቭ ማዕረግም ሜዳሊያም አገኘ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ለሣቅ ነው። እኔ ግን ከሣቁ ይልቅ ያ 1000 ሜትር ይበልጥብኛል። ኔስቴሮቭ ሕዝብ ለማስደነቅ አይደለም የወጣው። አንድ አብራሪ በየትኛውም አቅጣጫ ቢዞር አውሮፕላኑን መቆጣጠር ይችላል የሚል እምነት ነበረው፤ ይህን አስቀድሞ በወረቀት ላይ አስልቶ በተግባር ማሳየት ፈለገ። ስለዚህ ከሥሩ በቂ ከፍታ ይዞ ነው የሞከረው። ቢሳሳት ስሕተቱን የሚያርምበት ጊዜ ነበረው።

ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ይኸው ነው። በእነዚያ የመጀመሪያ የጦር አውሮፕላኖች ላይ ሰው የገደለው ድፍረት ብቻ አይደለም። ደካማ ክንፍም ነበር፣ ያልታወቀ ሳይንስም ነበር፣ አስቸጋሪ ሞተርም ነበር። ሁሉንም ወደ ሞት የለወጣቸው ግን ትርኢቱ ነው፤ ምክንያቱም ትርኢት ከአብራሪው የሚወስደው ከሁሉ በፊት ከፍታውን ነው። 1000 ሜትር ላይ ያለን አውሮፕላን ተመልካች በደንብ አያየውም። ስለዚህ አብራሪው ዝቅ ይላል። ሕዝቡ ይጮኻል። በማግስቱ ደግሞ ያው ዝቅታ አይበቃም፤ ከዚያም በታች መውረድ አለበት።

እስቲ መጀመሪያ አውሮፕላኖቹን እንያቸው። አጥንታቸው እንጨት ነው። በላዩ ላይ ጨርቅ ይወጠራል፣ ጨርቁ ደግሞ በሚያጠነክረው ቅብ ይቀባል። ቅቡ እሳት ቶሎ የሚይዝ ነው። ክንፉን ከአካሉ ጋር አስሮ የሚይዘው በአብዛኛው ሽቦ ነው። እዚህ ሽቦ ላይ ትንሽ ልቆይ።

አንድ ረድፍ ክንፍ ያላቸው አውሮፕላኖች ሁለት ዓይነት ሽቦ ነበራቸው። ከክንፉ ሥር ያሉት አውሮፕላኗ ስትበር ክንፉ ወደ ላይ እንዳይታጠፍ ይይዙታል። ከክንፉ በላይ ያሉት ደግሞ መሬት ላይ ስትቆምና ስታርፍ ክንፉ ወደ ታች እንዳይወርድ ያንጠለጥሉታል። የታችኞቹ ጠንከር ያሉ ነበሩ። የላይኞቹ የሚሸከሙት የክንፉን ክብደት ብቻ ነው ተብሎ ስለታሰበ ብዙም ትኩረት አላገኙም። ነገር ግን አብራሪው አፍንጫውን በድንገት ሲደፋ ወይም በጀርባው ሲገለበጥ፣ ነፋሱ ክንፉን የሚገፋው ወደ ታች ነው። ያን ጊዜ ሸክሙ ሁሉ በእነዚያ ቀጫጭን የላይ ሽቦዎች ላይ ይወድቃል።

ይህን ለፈረንሳይ ጦር ያሳወቀው ማን ይመስላችኋል? ራሱ ሉዊ ብሌሪዮ ነው፤ የእንግሊዝን ሰርጥ በ1909 የተሻገረው፣ አውሮፕላኖቹን ለጦሩ የሚሸጠው ሰው። በ1912 መጀመሪያ የራሱ አውሮፕላኖች ክንፍ በዚህ መንገድ ሊሰበር እንደሚችል ጻፈ። ጦሩም ሽቦዎቹ እስኪጠናከሩ ድረስ እንዲህ ያሉትን አውሮፕላኖች ከበረራ አገደ። የገዛ ገበያውን ሊዘጋ የሚችል ሪፖርት ነው ያቀረበው። ለዚህ ሰው ትልቅ አክብሮት አለኝ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ውስጥ እንግሊዝ በአንድ ሳምንት በሁለት አደጋዎች አራት መኮንኖች አጣች፤ የጦር ሚኒስቴሩም ባለ አንድ ረድፍ ክንፎችን ከለከለ።

አሁን ወደ ፔጉ ልመለስ። ሰውዬው እንደ እብድ ነበር የሚወራለት። ሥራውን ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ግን እብደት የለበትም። ኦገስት 19 ቀን 1913 ከአንዲት አሮጌ ብሌሪዮ ላይ በፓራሹት ዘለለ። እየወረደ ሳለ ሰው አልባዋ አውሮፕላን በአየር ላይ ብቻዋን ስትገለባበጥ አያት። እሷ ብቻዋን ይህን ከቻለች እኔ ይዤያት ለምን አልችልም ብሎ አሰበ። ከዚያ ግን በማግስቱ ሮጦ አልሞከረም። የሚሞክርባት አውሮፕላን የላይ ሽቦዎቿ ተጠናከሩ። በመጠለያው ውስጥ በጀርባዋ ገልብጠው በእንጨት ድጋፍ ላይ አስቀመጧት፤ እሱም ወንበሩ ላይ ታስሮ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ይቆይ ጀመር። ደሙ ወደ ራሱ ሲወርድ፣ ቀበቶው ትከሻው ላይ ሲከብድ፣ እጁ መሪውን ሲፈልግ ምን እንደሚሰማው መሬት ላይ ሆኖ ተማረ። ሴፕቴምበር 1 ቀን በአየር ላይ ተገልብጦ በረረ። ሴፕቴምበር 21 ቀን ሉፑን ሠራ። ፔጉን የገደለው ትርኢት አይደለም። ኦገስት 31 ቀን 1915 በጦርነት፣ ከጦርነቱ በፊት ራሱ ያሠለጠነው ጀርመናዊ አብራሪ መትቶ ጣለው።

ከሽቦው ቀጥሎ ያለው ጠላት ፍጥነት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ታገሡኝ። አንድ አውሮፕላን ከአየር ላይ ሳይወድቅ ሊበርበት የሚችለው ዝቅተኛ ፍጥነት በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። በ140 እየበረረ አብራሪው መሪውን በኃይል ቢስብ፣ ክንፉ ላይ የሚያርፈው ኃይል እስከ ክብደቱ 4 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። በ210 ቢሆንስ? 9 እጥፍ። ፍጥነቱ በሦስት ሲባዛ ሸክሙ በዘጠኝ ይባዛል። አፍንጫው ወደ መሬት የተደፋ አውሮፕላን ደግሞ ፍጥነት የሚሰበስበው በሰከንዶች ውስጥ ነው። መሬቱ ሲቀርብ አብራሪው ቀስ ብሎ የመሳብ ዕድል የለውም። ከፍታ ቢኖረው ኖሮ በዝግታ ይስባል፤ ከፍታ ስለሌለው በኃይል ይስባል። ክንፉ የሚለቀው ያን ጊዜ ነው።

አሜሪካዊው ሊንከን ቢቺ የሞተው በዚህ መንገድ ነው። ወታደር አልነበረም፤ ነገር ግን በዘመኑ እንደ እሱ ያለ የትርኢት አብራሪ አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ማርች 14 ቀን 1915 ሳን ፍራንሲስኮ በተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ፣ ለእሱ ተብላ የተሠራች አዲስ ባለ አንድ ረድፍ ክንፍ አውሮፕላን ይዞ ወጣ። የለመደው ባለ ድርብ ክንፍ ነው። ያ በሽቦና በምሰሶ የተሞላ ስለሆነ ቁልቁል ሲወርድ ነፋሱ ይይዘዋል። አዲሷ ግን ለስላሳ ናት፤ ስትወርድ ከለመደው በላይ ትፈጥናለች። ተገልብጦ ወረደ፣ ለመውጣት ሳበ፣ ክንፎቹ ተሰበሩ፣ ባሕሩ ውስጥ ገባ። ሐኪሞች ሬሳውን ሲመረምሩት የገደለው ግጭቱ ሳይሆን ውኃው ሆኖ አገኙት። ከወንበሩ ታስሮ ነው የሰመጠው።

ቢቺ በ1913 ይህን ሥራ ትቼዋለሁ ብሎ ነበር። ሕዝቡ የሚመጣው እኔ ስሞት ለማየት ነው፣ እኔን ለመምሰል ሲሉም ወጣቶች እየሞቱ ነው ብሎ በይፋ ተናግሮ ነበር። ከዚያ ግን የፔጉን ሉፕ ሲሰማ መቀመጥ አልቻለም። ሲመለስ በዚያው ዓመት ኦክቶበር 7 ቀን ሃሞንድስፖርት በተባለች የኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ከተማ፣ ከመጠለያ ጣሪያ ላይ ሆነው ይመለከቱት የነበሩ ሰዎችን በአውሮፕላኑ ጠረጋቸው። አንዲት ወጣት ሴት ሞተች። ዝቅ ብሎ የመብረር ዋጋ የሚከፈለው ሁልጊዜ በአብራሪው ብቻ አይደለም።

ሦስተኛው ጉዳይ ስፒን ነው። አውሮፕላኑ በጣም ሲዘገይ፣ ወይም አብራሪው ሲዞር አብዝቶ ሲስብ፣ ክንፉ አየሩን መያዝ ያቆማል። አንዱ ክንፍ ከሌላው ቀድሞ ከለቀቀ አውሮፕላኑ በራሱ ዙሪያ እየተሽከረከረ ይወርዳል። ክፋቱ የሰው ደመ ነፍስ ተቃራኒውን የሚያዝ መሆኑ ነው። መሬት ወደ ፊትህ ሲመጣ እጅህ በራሱ መሪውን ወደ ኋላ ይስባል። መሳብ ደግሞ ስፒኑን ያጸናዋል። ለዓመታት ስፒን የገባ ሰው አበቃለት ይባል ነበር።

ኦገስት 25 ቀን 1912 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንኑ ዊልፍሬድ ፓርክ ሳልዝበሪ ሜዳ ላይ በተደረገ የጦር አውሮፕላኖች ውድድር አቭሮ የምትባል አውሮፕላን እያበረረ ስፒን ውስጥ ገባ። አንድ ሌላ ሰውም አሳፍሮ ነበር። መጀመሪያ ሁሉም ሰው እንደሚያደርገው ሳበ። አልሆነም። ጨንቆት መሪውን ለቀቀ፣ በእግሩ የሚረግጠውን የጭራ መሪ ደግሞ ከሚሽከረከርበት በተቃራኒ አቅጣጫ እስከ መጨረሻው ገፋው። አውሮፕላኑ ወዲያው ቀና አለ። ከመሬት የቀረው 15 ሜትር ገደማ ነበር። ወርዶ ያደረገውን አንድ በአንድ ተናገረ፤ ሰዎችም መዘገቡት። ከስፒን መትረፍ በጽሑፍ ሲሰፍር ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ይህ ነው። ፓርክ ግን ዓመቱን አልጨረሰም። ዲሴምበር 15 ቀን በሌላ አደጋ ሞተ።

እውቀቱ ግን ወዲያው ለሁሉ አልደረሰም። በ1916 ኤፍ ኢ 8 የምትባል የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላን ስፒን ውስጥ እየገባች ስለገደለች አብራሪዎች ፈሯት። ፋርንቦሮ በሚገኘው የእንግሊዝ መንግሥት የአውሮፕላን ፋብሪካ የሙከራ አብራሪ የነበረው ፍራንክ ጉደን ወደ 1000 ሜትር ከፍታ ወጣ። ሆን ብሎ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ስፒን አስገባት፣ ሁሉንም ጊዜ በሰላም አወጣት፣ ከዚያ አካሄዱን ለሌሎች አስረዳ። እዚህም ከፍታ ልብ በሉልኝ። ያው ስፒን ከሕዝብ ራስ በላይ 100 ሜትር ላይ ቢሆን ጉደን የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን አይተርፍም ነበር። ጉደንም በጃንዋሪ 1917 ኤስ ኢ 5 ሲያበር ክንፉ ተሰብሮ ሞተ። ምርመራው የክንፉን ድክመት አገኘ፤ ተስተካከለ። ኤስ ኢ 5 ከዚያ በኋላ በጥንካሬዋ የታወቀች ተዋጊ ሆነች። የሙከራ አብራሪ ሞት ቢያንስ ለሚቀጥለው ሰው መልስ ይተዋል። የትርኢት ሞት ብዙ ጊዜ ያንንም አይተውም።

ስለ ሞተሩ ካላነሣሁ ንግግሬ ጎዶሎ ነው። ሶፕዊዝ ካሜል የምትባለውን የአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላን የሰማችሁ ትኖራላችሁ። የዚህች አውሮፕላን ሞተር እንደ ዛሬዎቹ ቆሞ ፕሮፔለሩን ብቻ አያዞርም። ሞተሩ ራሱ ከነሲሊንደሮቹ ከፕሮፔለሩ ጋር አብሮ ይሽከረከራል። የብስክሌት ጎማ ከሁለት በኩል ይዛችሁ በኃይል አሽከርክራችሁ ለማዘንበል ሞክሩ፤ ወደ ፈለጋችሁበት ሳይሆን ወደ ሌላ አቅጣጫ ያመልጣችኋል። ካሜልም እንዲሁ ናት። ወደ ግራ ስትዞር አፍንጫዋ ወደ ላይ ይሄዳል። ወደ ቀኝ ስትዞር አፍንጫዋ ወደ ታች ይወድቃል። በዚያ ላይ ሞተሩ፣ አብራሪው፣ ጠመንጃዎቹና ነዳጁ ከፊት ባለች ጠባብ ቦታ የተጨናነቁ ስለሆነ ምላሿ ድንገተኛ ነው። ለተዋጊ ይህ ጸጋ ነው፤ ጠላት አይደርስባትም። ዝቅ ብሎ ወደ ቀኝ በኃይል ለዞረ ጀማሪ ግን ስፒን ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው አኃዝ 413 አብራሪዎች በካሜል በውጊያ እንደሞቱ፣ 385 ደግሞ ከውጊያ ውጭ እንደሞቱ ይናገራል።

ሞተሩ የሚቀባው በጉሎ ዘይት ነበር። አዎ፣ እኛ የምናውቀው ጉሎ። ዘይቱ ተመልሶ አይሰበሰብም፤ ሞተሩ እየተሽከረከረ ወደ ውጭ ይተፋዋል። የአብራሪው መነጽር ይጨማለቃል፣ ፊቱ ይለበለባል፣ የዋጠው ደግሞ ሆዱን ያስቸግረዋል። የሞተሩን ጉልበት ቀስ ብሎ መቀነስ ከባድ ስለሆነ አብራሪው ለማረፍ ሲቃረብ በመሪው ላይ ያለ ቁልፍ ተጭኖ እሳቱን ይቆርጣል፣ ይለቃል፣ እንደገና ይቆርጣል። በመሐል ያልተቃጠለ ነዳጅ ከተጠራቀመ ሞተሩ ሲነሣ እሳት ሊይዝ ይችላል። በዚህ ሁሉ መካከል ሰውየው ሕዝብ ፊት ሉፕ እንዲሠራ ይጠበቅበታል። ፓራሹት የለውም። ቢኖረውም በዚያ ዝቅታ አይከፈትለትም።

ከጦርነቱ በኋላ እነዚሁ አውሮፕላኖች ወደ ትርኢት ወጡ። የእንግሊዝ አየር ኃይል ጁላይ 3 ቀን 1920 ለንደን ሄንደን ላይ የመጀመሪያውን ታላቅ ትርኢት አዘጋጀ፤ እስከ 1937 በየዓመቱ ቀጠለ። አዲስ የተቋቋመ አየር ኃይል ነበር። ምድር ጦሩና ባሕር ኃይሉ ሊያፈርሱት ይፈልጉ ነበር፤ ሕዝብ ካልወደደው በጀት አያገኝም። ስለዚህ በእኔ አመለካከት ሄንደን ላይ የሚበረው አብራሪ የመሥሪያ ቤቱን ህልውና ተሸክሞ ነው የሚበረው። እንዲህ ያለ ሸክም ያለበት ሰው ዛሬ ነፋሱ አላማረኝም፣ ይቅርብኝ ለማለት ይከብደዋል።

የእኛም አገር ታሪክ እዚህ ውስጥ አለበት። አዲስ አበባ የመጀመሪያውን አውሮፕላን ያየችው በኦገስት 1929 ነው፤ ፈረንሳይ ሠራሽ ፖቴዝ። በዓመቱ ለዘውድ በዓሉ ዝግጅት ሲደረግ፣ የሃርለም ጥቁር ንስር የሚባለው ትውልደ ትሪኒዳድ ሁበርት ጁሊያን አዲስ አበባ ነበር። ቀደም ሲል በንጉሡ ፊት በፓራሹት ዘልሎ አድናቆታቸውን አትርፏል፣ የኮሎኔልነት ማዕረግም አግኝቷል። በኦክቶበር 1930 በልምምዱ ወቅት፣ ንጉሡ የሚወዷትን ጂፕሲ ሞዝ የምትባል ትንሽ አውሮፕላን ይዞ ተነሣና ዛፍ ላይ ጣላት። እሱ ተረፈ። አውሮፕላኗ ተሰበረች። ጁሊያንም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በተከበረው የዘውድ በዓል ላይ ሳይበር አገር ለቆ እንዲወጣ ተደረገ።

እሱ ሞተሩን ሆን ብለው አበላሽተውብኛል ብሎ ተከራከረ። ሌሎች ጥፋቱ የራሱ ነው አሉ። ወደዚያ ክርክር አልገባም። ግን አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ፕሮፔለሩ የሚይዘው አየር ያንሳል፣ ለመነሣትም ረጅም መንገድ ያስፈልጋል። ለንደን ላይ ዛፉን በሰፊው የምታልፍ ትንሽ አውሮፕላን እዚህ ቅርንጫፉን ትነካለች። ተራራ ላይ መሆን ለአብራሪ ከፍታ አይሰጠውም፤ የሚጠቅመው ከመሬቱ በላይ ያለው ብቻ ነው።

ጄት ሲመጣ ነገሩ አልተቀየረም፤ ፈጠነ እንጂ። ሴፕቴምበር 6 ቀን 1952 ፋርንቦሮ ላይ ዲ ኤች 110 የምትባል አዲስ የጦር ጄት ወደ ሕዝቡ እየዞረች ሳለ በአየር ላይ ተበታተነች። አብራሪው ጆን ዴሪና ባልደረባው ቶኒ ሪቻርድስ ሞቱ። ከተመልካቹ 29 ሰው ሞተ። መንስኤው አብራሪው በአንድ ጊዜ እየዞረና እየሳበ ሳለ በክንፉ ላይ ያረፈው ጫና ነው፤ ክንፉ አልቻለውም። ከዚያ ወዲህ አውሮፕላኖች ወደ ሕዝብ አቅጣጫ እንዳይዞሩና ከተመልካቹ ርቀው እንዲበሩ ጥብቅ ሕግ ወጣ። ዛሬ አየር ትርኢት ሄዳችሁ ከአውሮፕላኑ መስመር ርቃችሁ የምትቆሙት በእነዚያ ሰዎች ምክንያት ነው።

ሕጉ ግን ከፍታን በአብራሪው ምትክ አይለካለትም። ኦገስት 22 ቀን 2015 እንግሊዝ ሾርሃም ላይ በ1950ዎቹ የተሠራች ሀንተር ጄት ሉፕ ጀመረች። ለዚያ ሉፕ ጫፉ ላይ ቢያንስ 1070 ሜትር ገደማ መድረስ ነበረባት። የደረሰችው 820 ሜትር ገደማ ነው። እንደዚያም ሆኖ ሉፑ ቀጠለ። መሬቱ ቀደማት። አቅራቢያው ባለ አውራ ጎዳና ላይ 11 ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ ትርኢቱን ለማየት እንኳን የመጡ አልነበሩም፣ በመንገዱ የሚያልፉ ነበሩ። ይህን የምርመራ ሪፖርት ሳነብ በጣም ነው ያዘንኩት። 250 ሜትር ነው የጎደለው።

ታዲያ እነዚህ አሮጌ አውሮፕላኖች መብረር ያቁሙ? ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። አይቁሙ ነው የምለው። ግን እንደ አቅማቸው ይብረሩ። እንግሊዝ ኦልድ ዋርደን የሚገኘው የሻትልወርዝ ስብስብ በ1909 የተሠራች ብሌሪዮ አለችው። ዛሬም ትነሣለች። ነፋስ ጸጥ ሲል ብቻ፣ ቀጥታ በሜዳው ላይ ትንሽ ከፍ ብላ ሄዳ ታርፋለች። አትዞርም፣ አትገለበጥም። ሕዝቡ ግን በዝምታ ነው የሚያያት፤ ሞተሩን ሰምቶ፣ ሽቦውንና ጨርቁን አይቶ ይጠግባል። አሮጌ እንጨትና ሙጫ በመቶ ዓመቱ ምን ያህል እንደሚሸከም ማንም በሙከራ ሊያረጋግጥ አይገባም።

ከእናንተ መካከል አንድ ቀን በትርኢት የምትበሩ ካላችሁ አንድ ልምምድ እመክራለሁ። ለእያንዳንዱ ሉፕ ጫፉ ላይ መኖር ያለበትን ከፍታና ፍጥነት አስቀድማችሁ በወረቀት ጻፉ። ጫፉ ላይ ስትደርሱ መሣሪያውን አንብቡ። ቁጥሩ ከጎደለ ወደ ታች አትሳቡ። አውሮፕላኑን ከግልባጩ አዙሩት፣ ቀጥታ ውጡ፣ ሂዱ። ይህን ማምለጫ ከሉፑ እኩል፣ ምናልባትም አብልጣችሁ ተለማመዱት፤ ቀኑ ሲደርስ እጃችሁ ሳያመነታ እንዲሠራው። ተመልካቹም የትርኢቱ ክፍል መስሎት ያጨበጭብላችኋል።

አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።